የቧንቧ ውሃችን ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ የልጆቻችን ጥርስ ለምን ይበልዛል?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ከባለቤቴ ጋር ከደጋው አገር ወደዚህ ስንመጣ ከተማዋ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮላት የቧንቧ ውሃ ማግኘት ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ሰዉ የሚጠጣው በአህያ ጋሪ ከወንዝ የሚመጣ ድፍርስ ውሃ እንደነበረና ክረምት በመጣ ቁጥር ሕፃናት በተቅማጥ ይታመሙ እንደነበር ጎረቤቶቼ ነግረውኛል። ስለዚህ ይህን ውሃ ሁላችንም እንወደዋለን። ጥርት ያለ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣበታል፣ ከጉድጓዱ ሲወጣም ለብ ያለ ስለሆነ ሕፃን ለማጠብ እንኳ ብዙ ማሞቅ አያስፈልግም።

ያስጨነቀኝ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ጥርስ ነው። የወተት ጥርሶቿ ነጭ ነበሩ። በሰባት ዓመቷ የወጡት ቋሚ የፊት ጥርሶቿ ግን መጀመሪያ ኖራ የተቀባ የሚመስል ነጭ መስመር ነበረባቸው፤ አሁን መስመሩ ወደ ቡናማ እየተለወጠ ነው። ጠዋትና ማታ ትቦርሻለች፣ ጣፋጭም አታበዛም። ትምህርት ቤቷ ሄጄ የክፍል ጓደኞቿን ስመለከት ብዙዎቹ እንደ እርሷው የበለዘ ጥርስ አላቸው። የጎረቤቴ የበኩር ልጅ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት የወንዙን ውሃ እየጠጣ ያደገ ሲሆን ጥርሱ ንጹሕ ነው፤ ከቧንቧው በኋላ የተወለደው ታናሽ ወንድሙ ግን በልዞበታል። ልጄ አሁን አሁን ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀምራለች፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ወደ ከተማችን የውሃ አገልግሎት ሄጄ ብጠይቅ ውሃው ክሎሪን እንደሚጨመርበትና ተመርምሮም ከጀርም ነጻ እንደሆነ ነገሩኝ። በሌላ በኩል ውሃ ለሁለትና ለሦስት ቀን ተቋርጦ ሲመለስ ለጥቂት ደቂቃዎች ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። የጥርሱ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዝ ይሆን? ማፍላት ይበቃል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ገና አንድ ዓመት ከሁለት ወር ለሆነው ወንድ ልጄ ምን ላድርግለት? የምታውቁ ብትመክሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የአጎራባች ከተማ ነዋሪ

እህቴ፣ እኛ ቤት ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም። በደንብ ደጋግመው ያፍሉት፤ ሲቀዘቅዝ በሸክላ ማጣሪያ አሳልፈው ለልጆቹ ይስጡ። ድፍርስ ሲሆን እናቶቻችን የሽፈራው ዘር ወቅጠው ይጨምሩበት ነበር፤ ውሃውን ያጠራዋል። እኔ የምፈራው ያንን ቡናማውን ውሃ ነው።

መልስ፦ የውሃ ጥራት ባለሙያ

ከላይ የተሰጠው ምክር ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ለጀርምም ትክክል ነው። ነገር ግን የጠያቂዋ ችግር እኔ እንደጠረጠርኩት ከሆነ ውሃውን ደጋግሞ ማፍላት ጉዳቱን ስለሚያብሰው ነገሩን በዝርዝር ማስረዳት አስፈላጊ መስሎ ታይቶኛል።

የገለጹት ሁሉ ፍሎራይድ ወደተባለው፣ በተፈጥሮ ከዓለት ወደ ውሃ ወደሚገባ ማዕድን ያመለክታል። ፍሎራይድ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም። የስምጥ ሸለቆ መሬት በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው፤ በአካባቢያችሁ የምታዩት ባልጩት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይና የእሳተ ገሞራው አመድ ፍሎራይድ በውስጣቸው የያዙ ናቸው። ከደጋው ሰርጎ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በእነዚህ ዓለቶች ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲጓዝና በከርሰ ምድር ሙቀት ሲሞቅ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። ውሃው ካልሲየም የበዛበት ቢሆን ኖሮ ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ይዞት በጠጠረና የሚሟሟውን መጠን በገደበው ነበር። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የከርሰ ምድር ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው፤ ስለዚህ ፍሎራይዱን የሚይዘው የለም። የሻላና የአቢያታ ሐይቆች ውሃ በፍሎራይድ እጅግ የበለጸገ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ትነቱም የበለጠ ያከማችበታል።

አሁን ጽሑፍዎን መለስ ብለው ያንብቡት። ሳሙና ቶሎ አረፋ የሚያወጣው ውሃው ካልሲየም ሲያንሰው ነው። ለብ ብሎ የሚወጣውም ከሙቅና ከጥልቅ ዓለት ሲመጣ ነው። ሕዝቡ ውሃውን የወደደበት ጠባይና ችግሩ ከአንድ ምንጭ የመጡ ይመስላሉ። ይህ ግን ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ማረጋገጥ የሚቻለው በላቦራቶሪ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ መመሪያ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። አነስተኛ መጠን ጥርስን ከመቦርቦር ስለሚጠብቅ ፍሎራይድ ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ከዚያ መጠን እያለፈ ሲሄድ ግን ጥርስ ይበልዛል፤ መጠኑ ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። በአገራችን ይህ ጉዳት በሰፊው ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ወንጂ ነው። በሆላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ በኖሩ ሠራተኞች ላይ የአጥንት ፍሎሮሲስ፣ ማለትም በፍሎራይድ ብዛት የሚመጣ የአጥንት ጉዳት፣ እንደተከሰተ ሐኪሞች መዝግበዋል፤ በኋላም በአካባቢው አክቲቬትድ አሉሚና በተባለ ፍሎራይድን በሚይዝ ውህድ የሚሠሩ የፍሎራይድ ማስወገጃዎች ተተክለዋል።

ስለ ማፍላት ላስረዳ። ውሃ ሲፈላ የሚተንነው ውሃው ብቻ ነው፤ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ለምሳሌ በሊትር 4 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለበትን 10 ሊትር ውሃ አፍልተው 8 ሊትር ቢቀርዎ በሊትር ያለው መጠን ወደ 5 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል። የሸክላ ማጣሪያ ጀርምና ድፍርስ ያስቀራል፤ የተሟሟ ፍሎራይድ ግን ያልፈዋል። ክሎሪንም ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን አይነካውም። የሽፈራው ዘርም ድፍርስ ያጠራል እንጂ ለዚህ ነገር አይታመኑበት። የውሃ አገልግሎቱ ሰዎች «ከጀርም ነጻ ነው» ሲሉዎት እውነቱን ተናግረው ሊሆን ይችላል፤ የመለሱት ግን እርስዎ ያልጠየቁትን ጥያቄ ነው።

ቡናማው ውሃ የተለየ ጉዳይ ነው። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ በብረት ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመውን ዝገትና ዝቃጭ አናውጦ ያመጣዋል። ዝገቱ ራሱ ልብስ ከማበላሸትና ከጣዕሙ በቀር ብዙም አያስፈራም። የሚያስፈራው ውሃው በተቋረጠባቸው ሰዓታት ቱቦው ግፊት ሲያጣ በተሰነጠቀና በተላቀቀ መጋጠሚያ በኩል ከውጭ ቆሻሻ ሊስብ መቻሉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወርደውን አይጠጡት፤ ጠርቶ እስኪመጣ ለሌላ ሥራ ያጠራቅሙት። በዚያ ቀን የሚጠጣውን ውሃ በውሃ አጋር ወይም በመሰል የክሎሪን መድኃኒት በመመሪያው መሠረት ያክሙ።

ለምርመራ ሲልኩ ለፍሎራይድ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጠቀሙ፤ ብርጭቆ ጠርሙስ አይመረጥም። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ይሙሉት፤ የቀዱበትን ቦታና ቀን ይጻፉበት። የፍሎራይድ ናሙና በጥቂት ቀናት አይበላሽም። የጀርም ምርመራ ግን በልዩ ንጹሕ ጠርሙስ ተቀድቶ በቅዝቃዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ሌላም አለ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃው ለአገልግሎት ከመዋሉ በፊት ኬሚካላዊ ይዘቱ መመርመር ነበረበት። ያ ውጤት በፋይል ውስጥ ስለሚኖር ሄደው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ዜጋ የሚጠጣውን ውሃ ውጤት መጠየቁ ነገር መፈለግ ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም።

መልስ፦ የጥርስ ሐኪም

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለበርካታ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የተገለጸው መልክ የጥርስ ፍሎሮሲስ ይመስላል። አንዱ ምልክት በግራና በቀኝ ባሉ ተመሳሳይ ጥርሶች ላይ እኩል መታየቱ ነው፤ በአንድ ጥርስ ላይ ብቻ የሚታይ እድፍ ሌላ ምክንያት ይኖረዋል። ሳያዩ መፍረድ ተገቢ ስላልሆነ ግን በአቅራቢያዎ ለሚገኝ የጥርስ ሐኪም ያሳዩዋት።

እናቶች ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው ነገር አለ። ዛሬ በልጅዎ ጥርስ ላይ የሚያዩት ጉዳት ዛሬ የደረሰ አይደለም። የፊት ቋሚ ጥርሶች ገለፈት፣ ማለትም ጠንካራው የውጭ ሽፋን፣ የሚሠራው ልጁ ከተወለደ በኋላ ባሉት ሦስት አራት ዓመታት ውስጥ፣ ጥርሱ ገና በድድ ሥር ተሸሽጎ ሳለ ነው። በሰባት ዓመቷ የወጣው ጥርስ የጨቅላነት ዘመኗን ውሃ ይዞ ወጣ ማለት ነው። ቡናማው ቀለም ደግሞ ከወጣ በኋላ እየጠቆረ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ጥርሷን ባለመቦረሽዋ ወይም እርስዎ ባለመጠንቀቅዎ የመጣ አይደለም፤ ይህንን ለእርሷም በግልጽ ይንገሯት። መምህራንም ቢሰሙት መልካም ነው፤ «ጥርስሽን ታጠቢ» እየተባሉ በክፍል ፊት የሚያፍሩ ልጆች አጋጥመውኛል።

ትንሹ ልጅዎ ግን አሁን በዚያው ወሳኝ ዕድሜ ላይ ይገኛል። ከሚጠጣው ውሃ ጀምሮ አጥሚቱንና ገንፎውን፣ የዱቄት ወተት ከወሰደም የሚበጠበጥበትን ውሃ ሁሉ ዝቅተኛ ፍሎራይድ ካለው ምንጭ ማድረግ ከቻሉ ቀሪው ዘመኑ ይድናል። እናት ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ብትጠጣ እንኳ ወደ ጡት ወተቷ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጡት ማጥባትዎን አያቋርጡ። የጥርስ ሳሙና የሚጠቀም ከሆነ የሩዝ ፍሬ ከምታህል አይብለጥ፤ እንዳይውጠውም ይከታተሉት። ወተትና ሌሎች ካልሲየም ያላቸው ምግቦች የፍሎራይዱን ጉዳት በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ ብቻቸውን ግን መፍትሔ አይሆኑም።

የታላቅየዋ ጥርስ ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። እንደ ጉዳቱ ክብደት ላዩን በስሱ በመፋቅ ወይም በጥርስ መልክ በተሠራ መሙያ በመሸፈን ማስተካከል ይቻላል። ለከባዱ ሕክምና ግን ዕድሜዋ ከፍ እስኪል መጠበቅ ይሻላል።

መልስ፦ በእርሻ ካምፕ ያደገ

ይህን ውይይት ሳነብ አባቴ ትዝ አሉኝ። በስምጥ ሸለቆ በአንድ ትልቅ እርሻ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል፤ እኛም የተወለድነው በካምፑ ነው። ሁላችንም ጥርሳችን ቡናማ ስለነበር እንደ ጉድለት አንቆጥረውም ነበር፤ የእርሻው ልጆች ምልክት ነው ብለን እናስብ ነበር።

አባቴ ወደ ሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ሲገቡ ወገባቸው መታጠፍ እንቢ አለ። ቀጥሎ አንገታቸው ደረቀ። ሰው ከጎን ሲጠራቸው አንገታቸውን ማዞር ስለማይችሉ በሙሉ ሰውነታቸው መዞር ነበረባቸው። ለጸሎት ሲሰግዱ ጉልበታቸው መሬት አይነካም ነበር፤ ይህ ከሕመሙ የበለጠ ያሳዝናቸው ነበር። ለዓመታት ሪህ ነው፣ ብርድ ነው እየተባሉ ጠበል ለጠበል ተንከራተቱ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሐኪም የአጥንታቸውን ራጅ አይተው የት እንደኖሩና ምን ውሃ ሲጠጡ እንደነበር ጠየቋቸው። ስለ ውሃ የጠየቃቸው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ እህቴ፣ ነገሩ የጥርስ መልክ ብቻ ነው ብለው አይተዉት። ልጅዎ ጥርሷ ሲበልዝ ቀድማ አስጠንቅቃችኋለች። እኛን ያስጠነቀቀን አልነበረም፤ ምልክቱን እያየን አላወቅነውም።

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአባትዎን ታሪክ ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ እርሱም ወገቡን ያመኛል ማለት ከጀመረ ቆይቷልና ዝም አልን።

ፋይሉን እንዲያሳዩኝ ጠይቄ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ተሳክቶልኛል። የብረት፣ የናይትሬትና የጨዋማነት ውጤት ተጽፏል፤ የፍሎራይድ መስመር ግን ባዶ ነው። ፋይሉን የያዘው ወጣት ሠራተኛ ራሱ ደነገጠ፤ ለአለቃው በደብዳቤ እንደሚያሳውቅም ቃል ገባልኝ።

እስከዚያ ምን ልጠጣ የሚለው አሁንም አልተፈታም። የታሸገ ውሃ ለአምስት ሰው በየቀኑ ለመግዛት አቅማችን አይፈቅድም። አማቴ ወደ ወንዙ ውሃ እንመለስ ይላሉ። የአጥንት ከሰል ማጣሪያ የሚባል እንዳለም ሰምቻለሁ፤ ግን ከእንስሳ አጥንት የሚሠራ ከሆነ በጾም ወቅት እንዴት ይሆናል ብለው አማቴ ከወዲሁ አንገራግረዋል።

መልስ፦ የውሃ ጥራት ባለሙያ

በመጀመሪያ፣ እባክዎን ወደ ወንዙ አይመለሱ። ፍሎራይድ የሚጎዳው በዓመታት ነው፤ በተበከለ ውሃ የሚመጣ ተቅማጥ ግን ሕፃንን በቀናት ውስጥ ሊነጥቅ ይችላል። አማትዎ ያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ከማንም በላይ ያስታውሱታል።

ሸክሙን የሚያቀልልዎት ነገር መለወጥ ያለበት የሚጠጣውና ምግብ የሚሠራበት ውሃ ብቻ መሆኑ ነው። ለልብስ፣ ለገላና ለዕቃ የቧንቧውን ውሃ እንደ ወትሮው ይጠቀሙ፤ ፍሎራይድ በቆዳ በኩል ይገባል ብለው አይስጉ። ለአምስት ሰው መጠጥ፣ ሻይ፣ ወጥና የእንጀራ ሊጥ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይበቃል። የሊጡን ውሃ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ በውሃው ያለው ፍሎራይድ ከእንጀራው ጋር ይበላል።

የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ለማለት ይቻላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ካለዎት አሸንዳ ያስገጥሙና ከደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለውን የመጀመሪያ ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ እንዲፈስ ይተዉት፤ ቀጥሎ ያለውን ክዳን ባለው ሮቶ ያጠራቅሙት። ከመጠጣቱ በፊት በክሎሪን ይታከም። እንዲበረክትልዎ ከቧንቧው ጋር መደባለቅ ይቻላል፦ የቧንቧው ውሃ በሊትር 4 ሚሊ ግራም ቢኖረው፣ አንዱን ጀሪካን ከሁለት ጀሪካን የዝናብ ውሃ ጋር ሲያዋህዱት ወደ 1.3 ይወርዳል። ውጤቱን ሳያውቁ ግን ልኩን መወሰን አይቻልም። ለትንሹ ልጅ ሳይደባለቅ የታከመውን የዝናብ ውሃ ይስጡት።

ስለ አጥንት ከሰል የሰሙት እውነት ነው። የከብት አጥንት አየር በተገደበበት ምድጃ በከፍተኛ ሙቀት ይከሰልና ተፈጭቶ ውሃው እንዲያልፍበት ይደረጋል፤ በአጥንቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ውህድ ፍሎራይዱን ይይዘዋል። በደንብ ከተከሰለ ሥጋም ስብም አይቀርበትም፤ በደንብ ካልተከሰለ ግን ውሃውን እንዲሸት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ለመሥራት አይሞክሩ። ከጊዜ በኋላ ስለሚጠግብ በየጊዜው እየተለካ መለወጥ አለበት፤ ጠግቦም ውሃው እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ስለሚወርድ በዓይን አይታወቅም። በሌሎች የስምጥ ሸለቆ መንደሮች ሥራ ላይ ውሏል። የጾሙ ጥያቄ ግን በእኔ የሚመለስ አይደለም። አማትዎ የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ የተሻለ ነው፤ ሕሊናቸው ሳይቀበለው የሚተከል ማጣሪያ ማእዘን ውስጥ ቆሞ ይቀራል።

ለከተማው በአጠቃላይ የሚበጀው ግን ከቤት ማጣሪያ ይልቅ ምንጩን መለወጥ ወይም ማደባለቅ ነው። ከተራራው ግርጌ የሚፈልቁ ቀዝቃዛ ምንጮች ብዙውን ጊዜ ፍሎራይዳቸው አነስተኛ ነው፤ ከእነርሱ ውሃ ስቦ ከጉድጓዱ ጋር በማጠራቀሚያው ታንከር ማዋሃድ ርካሽ አይደለም፤ ሆኖም በየቀኑ ኬሚካል አይፈልግም። በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ ፍሎራይድን የሚያዘቅጠው የናልጎንዳ ዘዴ ስሙን ያገኘው ሕንድ ውስጥ ካለ አካባቢ ሲሆን በአገራችንም ተሞክሯል። ኬሚካሉ ሳይቋረጥ መቅረብና የሠለጠነ ሰው በየዕለቱ መገኘት ስላለበት ኃላፊነቱን የሚወስድ ጠንካራ የውሃ ኮሚቴ በሌለበት አይዘልቅም። ውጤቱ እጅዎ ሲገባ ብቻዎን ሳይሆን ከወላጆች ጋር ሆነው በጽሑፍ ያቅርቡት።

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሦስት ጠርሙስ ቀድቻለሁ፤ አንዱን ከጉድጓዱ ጫፍ፣ አንዱን ከቤታችን፣ አንዱን ከትምህርት ቤቱ ቦኖ። ነገ የወንድሜ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ይዞልኝ ይሄዳል። ውጤቱን እንደመጣ እዚሁ እጽፈዋለሁ። ባለቤቴ አሸንዳውን ከትናንት ወዲያ አስገጥሟል፤ ትናንት ሌሊት የዘነበውም ሮቶውን እስከ ግማሹ ሞልቶታል። ለትልቋ ልጄም የጥርስ ሐኪሙ እንዳሉት ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ነገርኳት። መጀመሪያ ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ቀጥላ «ታዲያ የወንድሜስ ነጭ ይሆናል?» አለችኝ።